እማዬን ከመስኮቱ ስር የሚያስነሳ ሮቦት አለ? የሞከራችሁ እስቲ ንገሩኝ

የደሴዋ_ልጅ · ቅዳሜ ማታ

ሰላም ሰዎች እንዴት ናችሁ። ረጅም ነው ይቅርታ ግን ካልተነፈስኩ ልፈነዳ ነው። እማዬ 79 ዓመቷ ነው፣ አልዛይመር ነው ከተባለ 4 ዓመት ሆነ፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ከኔ ጋር ነው የምትኖረው። የኔ ችግር እዚህ ብዙ ሰው እንደሚጽፈው በር ከፍታ ትወጣለች፣ ሌሊት ስትዞር ታድራለች ምናምን አይደለም፣ ተቃራኒው ነው። አትነሳም። ጠዋት ቁርሷን በልታ መስኮቱ ስር ያለው ወንበር ላይ ቁጭ ካለች በቃ፣ ከስራ እስክመለስ እዛው ናት፣ ረዳቷም ሽንት ቤት ካልሆነ ንቅንቅ አትልም ነው የምትለኝ። ቲቪ ተከፍቶላት አታይም። መኪና ታያለች፣ እሱንም እንጃ።

ይቺ ሴትዮ እኮ ደሴ ፒያሳ ሻይ ቤት ስታስተዳድር ኖራ 5 ልጅ ያሳደገች ናት፣ ልጅ ሆኜ ቁጭ ብላ አይቻት አላውቅም፣ ቆማ ነበር የምትበላው። ሀኪሙ እግሯም ጉልበቷም ደህና ነው አለኝ። «ተነሺ እንጂ እማ» ስላት «እሺ» ትላለች፣ እሺ ብላ ትቀመጣለች።

ታዲያ ባለፈው ሳምንት አዛውንቶች ቀን የሚውሉበት ደይ ኬር ውስጥ አንዲት ነጭ ጸጉራም የሮቦት እንስሳ አሳዩን፣ ስትነካት ቀና ትላለች፣ አይኗን ታርገበግባለች፣ ድምጽ ታወጣለች። እማዬ ፈገግ አለች። እውነት ፈገግ! ዴንቨር ላለው ወንድሜ ቪዲዮውን ስልክለት «ዕቁቤ በሚቀጥለው ወር ይወጣል፣ 6 ሺህ ዶላር ነው አሉ፣ እንግዛላት ትንቀሳቀስበት» አለ። ብሩ ብዙ ነው። የሞከረ ሰው ካለ፣ ሰው በእውነት ከወንበር ያስነሳል ወይስ ፈገግ አስብሎ ይቀራል?

ጉለሌ_ሰፈር · ቅዳሜ ማታ

6 ሺህ ዶላር ለአሻንጉሊት 😳 በሱ ብር እዚህ የሰው ልጅ ቀጥራችሁ ስንት ዓመት ባስያዛችኋት። በሉ እሷን ወደዚህ ላኳት፣ ሰፈሩ ራሱ ቁጭ አያስብላትም።

ሲኤንኤ_ናይት · እሁድ ጠዋት

እህቴ በመጀመሪያ አይዞሽ። እኔ ሜሪላንድ ነርሲንግ ሆም 11 ዓመት ሲኤንኤ፣ ማለትም ረዳት ነርስ ሆኜ ሰርቻለሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ የመርሳት በሽታ ያለባቸው የሚኖሩበት ሚሞሪ ኬር ፍሎር ላይ። ያቺን ነጭ ነገር አውቃታለሁ፣ ፓሮ ትባላለች፣ የጃፓን ስሪት ናት። ወደ 3 ኪሎ ትጠጋለች፣ ልክ እንደ አራስ ልጅ ነው ክብደቷ፣ ቻርጅ የምትደረገው ደሞ አፏ ውስጥ የህጻን ጡት ጫፍ የመሰለ ነገር ተደርጎ ነው። መጀመሪያ ቀን ሳይ በጣም ነው የሳቅኩት።

እውነቱን ልንገርሽ። ሰው ጭን ላይ አድርገሻት ከሄድሽ ምንም የለም። ትንሽ ያሻሿታል ከዛ ሁለቱም እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። አጠገባቸው ቁጭ ብለሽ «ምን አለችዎት?» «በርዷት ይሆን?» ስትዪ ነው ወሬው የሚመጣው። አንድ ወር ሙሉ ቃል ያልወጣቸው ሴትዮ ስለ ልጅነታቸው ፈረስ ሲያወሩ ሰምቻለሁ።

ግን አንቺ የጠየቅሽው ስለ መነሳት ነው አይደል። አንድ ታሪክ ልንገርሽ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፖስታ ሲያድሉ የኖሩ አሜሪካዊ ሽማግሌ ነበሩን፣ እንዳንቺ እናት ወንበራቸው ላይ ተጣብቀው ነበር የሚውሉት። አንድ ቀን ሌላ ስራ ነበረብኝና እንዲሁ ሳላስበው ሮቦቷን ክንዳቸው ላይ አድርጌ «ይቺን ኮሪደሩ ጫፍ ላሉት ሴትዮ ያደርሱልኛል?» አልኳቸው። ብድግ! የክፍሉን ቁጥር እያነበቡ ሄዱ፣ በሩን አንኳኩ፣ አስረከቡ፣ ከዛ ሴትዮዋን «እዚህ ጋ ይፈርሙ» አሏቸው 😂 ከዛ በኋላ በየቀኑ ጠዋት አንዴ ከሰዓት አንዴ ማድረስ የሳቸው ስራ ሆነ። ባዶ ካርቶን ብሰጣቸውስ ብዬ ደሞ ሞክሬያለሁ። ካርቶኑን መንገድ ላይ ወንበር ላይ አስቀምጠው ራሳቸውም አጠገቡ ተቀመጡ። ሮቦቷን ግን አያስቀምጧትም፣ አንገቷን ስታዞርና ስታለቅስ እንዴት ብለው ያስቀምጧት። ኮቪድ ሲመጣ ኢንፌክሽን ተብሎ ቁም ሳጥን ተቆለፈባት፣ እሳቸውም ተመልሰው ተቀመጡ።

የድሮው_መምህር · እሁድ ከሰዓት

ልጆች፣ እኔ 74 ዓመቴ ነው፣ ዳላስ ነው የምኖረው፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም። አምስት ልጅ አሳድጋ በስተርጅና ባትሪ የሚጎርስ አሻንጉሊት ጭኗ ላይ ማስቀመጥ ክብር ነው ወይ? ሰውየው ፖስታ አደረሱ ብለሽ ስትስቂ እኔ አላሳቀኝም። ተታለሉ እኮ ነው። አዋቂ ሰው እንደ ሕፃን ሲያዝ ሌላው ቢረሳ ያ ውርደት አይረሳም።

በነገራችን ላይ አንድ ልጅ በሌላ ቦታ «የማኅተም ሮቦት» ብሎ ሲጽፍ አየሁ፣ ተርጓሚው ማሽን መሆን አለበት፣ በእንግሊዝኛ «seal» ማኅተምም ማለት ነው፣ የባሕር እንስሳም ማለት ነው። እንስሳው አቆስጣ ነው የሚባለው፣ ዘጸአት ላይ የድንኳኑ መክደኛ የአቆስጣ ቁርበት የተባለው።

ሽቦና_ብሎን · እሁድ ማታ

አቆስጣ 😂😂 ጋሼ ይሄን ዛሬ ተማርኩ፣ ከዛሬ ጀምሮ አቆስጣ ናት። እኔ ሲያትል ነኝ፣ ሶፍትዌር ነው ስራዬ፣ አባቴ በዚሁ በሽታ ነው ያለፈውና ያኔ ብዙ አንብቤ ነበር፣ ትንሽ ልበል።

አቆስጣዋን የሰራት ሺባታ የሚባል ጃፓናዊ ኢንጂነር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ጀምሯት በ2005 ጃፓን ገበያ ላይ ወጣች፣ እዚህ አሜሪካ በ2009 የመድኃኒትና የህክምና መሳሪያ ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ እንደ ህክምና መሳሪያ ነው ያሳለፋት። ለምን ድመት ወይም ውሻ አላደረጋትም ቢባል ድመት ሁሉም ሰው ያውቃል፣ ትንሽ ስትሳሳት «ይሄማ ድመት አይደለም» ይላል፣ አቆስጣ ግን ማን ቤት አለ? ማነጻጸሪያ የለህም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ እህቴ፣ እዚህ ጋ በጣም ተጠንቀቂ። አውስትራሊያ ውስጥ ትልቅ ጥናት ተሰርቷል፣ 28 የአረጋውያን ማዕከል 415 ሰው፣ በ2017 ነው የታተመው። ሰዉን ሶስት ቦታ ከፈሉት፣ አንዱ ጋ የምትሰራ ፓሮ፣ አንዱ ጋ ያችው ፓሮ ግን እንዳትሰራ የተዘጋች፣ አንዱ ጋ ምንም የለም የተለመደው እንክብካቤ ብቻ። በሳምንት 3 ቀን 15 15 ደቂቃ ለ10 ሳምንት። የምትሰራዋን የያዙት የበለጠ አዩዋት አወሯት፣ እሱ እውነት ነው። ግን በዛው ጥናት የሰዎቹ ክንድ ላይ መለኪያ ታስሮ ነበርና ሲታይ ቀን ላይ የሚራመዱት እርምጃ ምንም ካልተሰጣቸው ሰዎች ጋር ሲተያይ ይብሱን ቀንሶ ነው የተገኘው! ገባሽ? ጭን ላይ የምትቀመጥ ሮቦት ታረጋጋለች። ለሚቅበዘበዝ፣ ለሚጮህ፣ ማታ ማታ ለሚረበሽ ሰው ግሩም ነገር ናት። የእናትሽ ግን ተቃራኒው ነው፣ የተረጋጋ ሰው ምን ይረጋጋል? 6 ሺህ ዶላር አውጥተሽ ወንበሩ ላይ በደንብ እንድትደላደል ነው የምታደርጊያት።

የሷ ነገር አፓቲ ይባላል፣ አንጎል ውስጥ ነገር የሚያስጀምረው ቦታ ሲጎዳ የሚመጣ ነው። ስንፍና አይደለም፣ ድብርትም ብቻ አይደለም። «እሺ» ብላ የምትቀመጠው አውቃ አይደለም፣ እሺ ያለችው እውነቷን ነው፣ ማስጀመሪያው ነው የማይነሳው። መኪና ቁልፍ ዞሮ ሞተር እንደማይነሳው በይው፣ ተገፍቶ ሲነሳ ግን ይሄዳል።

ለማንቀሳቀስ ተብለው የተሰሩት ሌላ ዓይነት ናቸው። ናኦ የምትባል 58 ሳንቲሜትር የምታህል ሰው መሳይ አለች፣ ፊት ለፊት ቆማ እጅ ታነሳለች፣ አዛውንቶቹ ወንበር ላይ ሆነው አብረው ያነሳሉ። ኤሊኪው ደሞ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ መብራት የመሰለች ናት፣ ሳትጠየቅ ራሷ ወሬ ትጀምራለች፣ «ዛሬ ትንሽ አንሄድም?» ትላለች፣ ኒውዮርክ ስቴት በ2022 ብቻቸውን ለሚኖሩ ከ800 በላይ አዛውንት ማከፋፈል ጀምሮ ነበር። ግን እሷ በእንግሊዝኛ ነው፣ ደግሞም የበሽታው መጨረሻ አካባቢ ላሉ ሰዎች የታሰበች አይደለችም።

አንድ ነገር ደሞ፣ እንቅስቃሴ ማስታወሷን ይመልሳል ብለሽ እንዳትጠብቂ። እንግሊዝ ውስጥ 494 ሰው ጠንከር ያለ ስፖርት አሰርተው በ2018 ሲያሳውቁ የሰውነት ብቃታቸው ተሻለ እንጂ በሽታው አልዘገየም። ለምን ታዲያ? ለእንቅልፍ፣ ለሆድ ድርቀት፣ ጡንቻዋ እንዳይሟሽሽና እንዳትወድቅ። ቁጭ ብሎ የዋለ ሰው አንድ ቀን ሲነሳ ነው የሚወድቀው።

የደሴዋ_ልጅ · እሁድ ማታ

ወይኔ «እሺ ያለችው እውነቷን ነው» ያልከው አስለቀሰኝ። እኔ እኮ እልህ ውስጥ ገብታ ይመስለኝ ነበር፣ ስንቴ ጮኬባታለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።

ጋሼ የእርስዎም ገብቶኛል፣ እኔም ደይ ኬሩ ውስጥ መጀመሪያ ሳያት ሆዴ ተንቦጭቦጯል። ግን ደሞ ቀኑን ሙሉ መስኮት ማየትስ ክብር ነው ወይ?

ሮተርዳም_ዝናብ · ሰኞ

እዚህ ሆላንድ ቴሳ የምትባል አለች፣ የአበባ ማሰሮ ነው የምትመስለው፣ አናቷ ላይ አበባ ታደርጊበታለሽ፣ ሁለት አይን አላት በቃ። አትንቀሳቀስም ምንም የላትም። ቤተሰቡ ከስልኩ አፕ ላይ ጽሁፍ ይጽፋል፣ እሷ በሰዓቱ ጮክ ብላ ታነባለች፣ ቡና ሰዓት ደርሷል፣ ጫማ አድርገው ትንሽ ወጣ ይበሉ ምናምን። እኔ ቤት ለቤት የምሰራላቸው ሆላንዳዊ አዛውንት ጋ አለች። የሚገርመው እኔ «ውሃ ይጠጡ» ስላቸው ይበሳጫሉ፣ የአበባዋን ማሰሮ ግን ይታዘዛሉ፣ «እሷ አትነዘንዝም» ይላሉ 🙄 ምክንያቱን ሳስበው ሰው ሲያዝህ ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ይነበባል፣ ድካም፣ መሰልቸት። ማሰሮዋ ፊት የላትም።

ግን መጀመሪያ ሰሞን ልጃቸው በቀን 14 መልእክት ነበር የጫነባቸው፣ ሶኬቱን ነቀሏት። አሁን 4 ናት። ቋንቋዋ ደሞ ደች ነው፣ ለሀበሻ እናት ምን ያደርግላታል።

ነጋ_ቤርሼባ · ሰኞ ማታ

እዚህ የቋንቋ ነገር ተነሳ ስለዚ ልግባ። አያቴ በኦፕሬሽን ሰለሞን በ1991 ነው ከጎንደር ወደ እስራኤል የመጣችው። ዕብራይስጥ ኡልፓን (የቋንቋ ትምህርት ቤት) ተምራ ገበያ ሐኪም ቤት ብቻዋን ትሄድ ነበር። በሽታው ሲጀምራት መጀመሪያ የሄደው ዕብራይስጡ ነው። ከላይ የተነባበረው መጀመሪያ ነው የሚረግፈው። አሁን በአማርኛ ካልሆነ አይገባትም፣ አንዳንዴ ደሞ እኛ የማናውቃቸውን የሰፈሯን ቃላት ትናገራለች።

እዚህ የኛው ከተማ ዩኒቨርሲቲ ቤን ጉሪዮን ለአዛውንት ስፖርት የሚያሰራ ጂሚ የተባለ ሮቦት ሰርተዋል፣ እጁን እያነሳ ያሳያል፣ በካሜራ አይቶ አደረግህ አላደረግህም ይላል። አሪፍ ስራ ነው አልክድም። ግን አያቴን ፊቱ አስቀምጠህ «እጅሽን አንሺ» ቢላት በየት በኩል? በአማርኛ እንኳ ቢሆን ያለ ምክንያት እጅ ማንሳት ለሷ ትርጉም የለውም። እኛ ምን አደረግን፣ ጥጥና እንዝርት ገዛንላት። እጇ ያውቀዋል። ቁጭ ብላ ነው የምትፈትለው ግን ጥጡን ሆን ብለን ሌላ ክፍል ነው የምናስቀምጠው፣ ሲያልቅባት ተነስታ ታመጣለች። ሮቦታችን ይሄ ነው፣ ብዙ አላስወጣንም።

ጉለሌ_ሰፈር · ሰኞ ማታ

ጥጡን ሌላ ክፍል 👏👏 ይሄ ነው ኢንጂነሪንግ ማለት።

አማርኛ የሚናገር ሮቦት ስትሉ ትዝ አለኝ፣ ሶፊያ የምትባለዋ ሰው መሳይ ሮቦት በ2018 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ስትመጣ አማርኛ ትናገራለች ተብሎ ጉድ ስንጠብቅ ፍራንክፈርት ሻንጣ ውስጥ ያለ የሰውነቷ ክፍል ጠፋ አልተባለም? የኛ ልጆች፣ የአዲስ አበባው ካምፓኒ የአይኮግ ላብስ፣ ሶፍትዌሯ ላይ ሰርተው እኮ ነው። እነሱ አንዷን «እማማ ቡና ተፈላ ይምጡ» የምትል ቢሰሯት።

ሽቦና_ብሎን · ሰኞ ማታ

ያን ያህል ከባድ አይደለም አሁን። ስልክ ላይ ራስህ ቀድተህ በሰዓቱ እንዲጮህ ማድረግ ይቻላል፣ ቀላል ነው። እንደውም የደሴዋ፣ የአባትሽ ድምጽ የተቀዳ ካለሽ በኤአይ ኮርጆ በሳቸው ድምጽ «አንቺ ተነሺ እንጂ» የሚል ማዘጋጀት ይቻላል። በባሏ ድምጽ ብትጠራ የምትነሳ ይመስለኛል።

የድሮው_መምህር · ማክሰኞ

ወንድሜ፣ እስካሁን የጻፍከውን ሁሉ በአክብሮት ነው ያነበብኩት፣ ይሄኛውን ግን ተወው። የሞተ ሰው ድምጽ! ተነስታ ፈልጋ ብታጣውስ? በየክፍሉ ብትዞርስ? «የት ሄደ?» ስትል ልጅቷ ምን ትመልስ? መሞቱን ብትነግራት እኮ ለእናትየው አዲስ መርዶ ነው፣ በየቀኑ መርዶ ሊነገራት ነው?

ሲኤንኤ_ናይት · ማክሰኞ

ጋሼ እዚህ ላይ 100% ከርስዎ ጋር ነኝ። ሪዚደንቶች «ባለቤቴ መቼ ነው የሚመጣው» ሲሉ ምን እንደሚሆን በየሌሊቱ አያለሁ። ወንድም ይሄን አታድርጉት።

ሽቦና_ብሎን · ማክሰኞ

እሺ ይቅርታ፣ በዛ በኩል አላሰብኩትም። ስራዬ ሆኖ የሚቻለው ነገር ነው ቀድሞ የሚታየኝ።

ብርቄ_ቤሩት · ረቡዕ ሌሊት

እህቶች ወንድሞች ሁሉንም አነበብኩት እኔ ሊባኖስ ነው ያለሁት ማዳሜ 84 አመቷ ነው ሁሉንም ነገር ረስታለች ልጆቿ ካናዳ ናቸው እኔ ነኝ 6 አመት ይዣት ያለሁት በየቀኑ ጠዋት አንቺ ማነሽ ትለኛለች ብርቄ ነኝ ማዳም እላታለሁ እሺ ትላለች ከሰአት እንደገና ማነሽ ትላለች ልጆቿ ባለፈው ገና ሮቦት እንላክ ወይ ሲሉ ሰማሁ እኔም በልቤ እኔ ምንድነኝ ታዲያ አልኩ ሮቦቱ እኔ ነኝ እኮ 😅 እንድትነሳ ምን እንደማደርግ ልንገራችሁ ልብስ ሳጥፍ አበላሽቼ ነው የማጥፈው ፊቷ ቁጭ ብዬ አንሶላውን እንዲህ አጣምሜ አጥፈዋለሁ ትበሳጫለች ትነሳለች ከእጄ ትቀማኛለች በአረብኛ ትሰድበኛለች ከዛ ቆማ ሁሉንም ታጥፋለች አንድ ሰአት ትቆማለች ስድቡን ለምጄዋለሁ ቆማ ስትሰድበኝ ደስ ነው የሚለኝ

ሲኤንኤ_ናይት · ረቡዕ

ብርቄዬ 😭😂 «አበላሽቼ ነው የማጥፈው»። ይሄን ሰርተፍኬት ስናጠና ያስተማረን የለም። ለአዳዲሶቹ ሲኤንኤዎች ልነግራቸው ነው።

የደሴዋ፣ ከዚህ ሁሉ እኔ የምልሽ፣ 6 ሺውን ተይው። መቶ ምናምን ዶላር የሚሸጡ የድመትና የውሻ ሮቦቶች አሉ፣ ጆይ ፎር ኦል የሚባሉት፣ ድመቶቹን በ2015 የአሻንጉሊት ካምፓኒ ነበር ያወጣቸው። ብዙ ነገር አይችሉም፣ ድመቷ ኩርር ትላለች፣ ሚያው ትላለች፣ ተገልብጣ ሆዷን ትሰጣለች። እናትሽ ሻይ ቤት የነበራት ሰው ናት፣ ድመት ሳይኖርበት የሚውል ሻይ ቤት የለም። ግን ስሚኝ፣ ጭኗ ላይ እንዳታደርጊያት! ራቅ አድርጊያት። ክፍሉ ማዶ። ረዳቷ በዛ ስታልፍ ዳበስ ታድርጋትና ትሂድ፣ ድመቷ ስትጮህ እናትሽ ምን እንደምታደርግ እዪ። ደሞ ህይወት አላት አትበያት፣ የላትምም አትበያት። ራሷ ትወስን። ከጠየቀችሽ ባትሪ ናት በያት።

የድሮው_መምህር · ረቡዕ

ከጠየቀች እውነቱ ይነገራት የሚለው ትክክል ነው። የቀረውን አሁንም አልቀበለውም።

አወያይ · ሐሙስ

ከዚህ ቀጥሎ የነበሩ 3 የማስታወቂያ ፖስቶች ተነስተዋል። የመርሳት በሽታ የሚያድን ሻይ እሸጣለሁ የምትሉ እባካችሁ ሌላ ቦታ።

የደሴዋ_ልጅ · ከ6 ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ

ሰላም ሰዎች፣ ሪፖርት ሳላደርግ ቀረሁ ስራ ብዛት ነው። ድመቷን ገዛን፣ ግራጫዋን። ወንድሜ የዕቁቡን ብር ለረዳቷ ተጨማሪ ሰዓት እንዲሆን ላከው፣ በሳምንት 2 ቀን ከሰዓትም ትቆያለች አሁን።

የመጀመሪያው ሳምንት ዜሮ። ክፍሉ ማዶ ሶፋው ላይ አስቀመጥናት፣ ረዳቷ ትዳብሳታለች፣ ትጮሀለች፣ እማዬ ዞር ብላ «ይቺ የማናት?» ትልና ወደ መስኮቷ። እኔም በቃ ብሩን በላን ብዬ ነበር። ሁለተኛው ሳምንት «ውሮ» ማለት ጀመረች። ከተቀመጠችበት ነው የምትጠራት፣ «ውሮ ውሮ ነይ»፣ ድመቷ አትመጣ ነገር፣ ሮቦት አይደለች። «ይቺ ሰነፍ» ትላታለች። ሳቄን ስቋቋም።

ሶስተኛው ሳምንት ማክሰኞ፣ ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፍኩ የነጠላ ጫማ ድምጽ ሰማሁ። ሸርተት ሸርተት የሚል። ረዳቷ መስላኝ «ምን ፈለግሽ» አልኩ ዞር ሳልል፣ ከዛ ረዳቷ ከወጣች አንድ ሰዓት እንዳለፋት ትዝ አለኝ። እማዬ ናት። ፍሪጁ ጋ ቆማለች፣ በሩ ተከፍቷል፣ ወተቱን በሁለት እጇ ይዛዋለች። «አልቅሳ ልትሞት ነው፣ እናንተ ቤት እንስሳ አይበላም?» አለችኝ። ቢላዋው ከእጄ ወደቀ። ማንም ሳይላት ራሷ አስባ የሆነ ነገር ልታደርግ ስትነሳ ያየሁት ከባለፈው ዓመት ፋሲካ በኋላ የመጀመሪያዬ ነው።

በየቀኑ አይደለም እንዳይመስላችሁ። ሁለት ቀን ትነሳለች ሶስት ቀን አትነሳም። አንድ ቀን ደሞ ምን እንደታያት እንጃ በነጠላ ጫማ ወረወረቻት። የነጋንም ነገር ሞክረናል፣ ስኒዎቹን ማዶ ጠረጴዛ ላይ ደርድረን የአክስቴ ልጅ በር ያንኳኳና «ሻይ ይገኛል?» ይላል፣ እሱ ላይ ከድመቷ በላይ ነው የምትነሳው፣ ግን እሱም ስራ አለው ሁልጊዜ አይመጣም። እሱ በሌለ ቀን ድመቷ ናት ያለችን።

ጋሼ መምህር፣ ለርስዎ አንድ ነገር። ጠየቀችኝ። «ይቺ ድመት ናት?» አለችኝ። ፈራሁ ግን እውነቱን ነገርኳት፣ «አይ እማ ባትሪ ናት» አልኳት። ዝም ብላ አሻሸቻትና «እኔስ ድመት እንዳልሆነች መች አጣሁት፣ ግን ይርባታል» አለች። ምን እንደምል አላውቅም እኔ።

አሁን ደሞ ጉድ ሆኜ ነው የመጣሁት። ትናንት ወተቱን በሰሃን አይደለም አፏ ላይ ነው ያፈሰሰችባት። ጠርጌ አደረቅኳት፣ ዛሬ ጠዋት ግን ድምጽ የለም ምንም የለም፣ ወተቱ ይሁን ባትሪው አላወቅኩም። እማዬ «ሞተች» ብላ ፊቷን ወደ መስኮት አዙራ አኩርፋለች፣ ምሳም አልበላም አለች። ሆዷ ስር የባትሪ ክዳን አለ ግን ብሎን አለው፣ ጸጉሩ ሸፍኖት አይታየኝም፣ በምንድን ነው የሚፈታው? የሚያውቅ ቶሎ ቢመልስልኝ ፕሊስ።

ሲኤንኤ_ናይት · ቅዳሜ

ወይኔ ማዬ። የኛ ቤት በሜንቴናንስ ሰውዬ ነበር የሚፈታው እኔ አላውቅም። ሰው ካለ በቶሎ!!

ጉለሌ_ሰፈር · ቅዳሜ

ዩቲዩብ ላይ የለም?

የድሮው_መምህር · ቅዳሜ

ትንሿ ካቻቪቴ፣ ባለ መስቀሉ። ጸጉሩን በጣትሽ ወደ ጎን ክፈዪው፣ ብሎኗ አንድ ናት። ትልልቁን ባትሪ ነው የምትወስደው፣ 4 ፍሬ፣ ሲ የሚባለውን እንጂ የሪሞቱን እንዳትገዢ። ውስጡ እርጥብ ከሆነ ክዳኑን ከፍተሽ አንድ ሌሊት አሳድሪው። ስትዘጊ በጣም አታጥብቂው፣ ብሎኗ ቦታዋን ትበላለች።

የደሴዋ_ልጅ · ቅዳሜ

ጋሼ 😳 እርስዎ ይሄን በምን አወቁ?